የሐጂ አብዱረዛቅ ምላስ

ቡራዩ ላይ የካርቶን ወሬ ከተነሳ የሐጂ አብዱረዛቅ ምላስ ሳይነሳ አይቀርም። ሌላው ነጋዴ ካርቶን ሲገዛ ይዳስሳል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ በጥፍሩ ይጭራል። ሐጂ ግን ከጫፉ ቁራጭ ቀደድ ያደርጉና ምላሳቸው ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ አጠገባቸው የቆመችውን ልጃቸውን ራቢአን ትክ ብለው እያዩ በጣታቸው እስከ አስር ይቆጥራሉ። አስር ሲሞላ ቁራጩን አላቅቀው "ይሄ ውሃ ወዳድ ነው፣ ክረምት ላይ ያዋርደናል" ወይም "ይሄ ጨዋ ነው፣ አውርደው" ይላሉ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ይሄ ቀልድ የመሰለው ሰው ካለ ካርቶን ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ምላስ ላይ ቶሎ የሚጣበቅ ካርቶን ውሃ ጠጪ ነው፤ ውሃ ጠጪ ደግሞ ዕቃ ተጭኖበት ትንሽ እርጥበት ሲያገኘው ጉልበቱ ይከዳዋል። ሐጂ በዚህ ዘዴ ሠላሳ ዓመት የኬክ፣ የጫማና የሰርግ ጣፋጭ ካርቶን ሠርተዋል። ዘዴው ሕግ ነበረው፤ ምላስ የሚሠራው ጠዋት፣ ምንም ሳይቀመስ ነው። "ቅባት የነካው ምላስ ካርቶን አያውቅም" ይሉ ነበር፤ ይህንንም የሚሉት እንደ ሐዲስ አስረግጠው ነው።

ራቢአ በዚያ ካርቶን ቤት አስራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። መቁረጡ፣ ማጠፉ፣ መለጠፉ፣ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቁ የሷ ነው። የሷ ያልሆነው መምረጡ ብቻ ነበር። ሐጂ ቁራጩን ምላሳቸው ላይ እንዳደረጉ "ምን ትያለሽ?" ብለው በቅንድባቸው ይጠይቋታል፤ እሷም "አንቱ ያውቃሉ" ትላለች፤ እሳቸውም "አዎ፣ አንቺ ገና ነሽ" ብለው ይወስናሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት ገና ነበረች። ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር፤ ግን ለማን ትናገረው?

የሚያንገበግብበት ምክንያትም ነበረው። ታላቅ ወንድሟ ሙአዊያ ሁለት የሞባይል ሱቅ ከፍቶ ሦስተኛውን የሚከፍትበት ቦታ ሲያስስ ዓይኑ አስፋልት ዳር ያለው የአባቱ ካርቶን ቤት ላይ አርፎ ከቀረ ቆይቷል። ሐጂም እርጅናው ሲሰማቸው ለሁለቱም በግልጽ ነግረዋቸው ነበር፤ ቤቱ ካርቶን መምረጥ ለሚችል ይሰጣል፣ የሚችል ከሌለ ለስልክ ይሁን። ሙአዊያ ይህን ከሰማ ወዲህ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በእርምጃ እየለካ "እዚህ ጋ ቻርጀር፣ እዚህ ጋ ኮቨር" ይላል። ራቢአ ደግሞ በመጣ ቁጥር ኮላ የነካ መጥረጊያ መንገዱ ላይ ትተውለታለች።

በረመዳን አጋማሽ ላይ ወይዘሮ ጠጅቱ ከሰበታ መጣች። እንቁላል መፈልፈያ አላት፤ የአንድ ቀን ጫጩት ለተጂ ገበሬዎች ትሸጣለች። "አካም ጅርቱ ኦቦ አብዱረዛቅ" ብላ ገና ሳትቀመጥ ችግሯን ዘረገፈችው። ጫጩቱን በፕላስቲክ ሳጥን ስትልክ ጫጩቱ ይደርሳል፣ ሳጥኑ አይመለስም፤ ባለፈው ተጂ ገበያ ሄዳ የገዛ ሳጥኗ ውስጥ የተደረደረ ሽንኩርት ገዝታ ተመልሳለች። ስለዚህ የማይመለስ ነገር ትፈልጋለች፤ መቶ ጫጩት የሚይዝ፣ አየር የሚያስገባ፣ ስምንት ተደራርቦ የማይጎብጥ ካርቶን። ለሙከራ አርባ። ከሆነላት በየሳምንቱ ታዛለች፤ ካልሆነ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። እንቁላሉ ማሽን ከገባ አስራ ሦስት ቀኑ ነበር። ጫጩት በሃያ አንደኛው ቀን ይወጣል፤ ካርቶን አልደረሰም ተብሎ እንቁላል ውስጥ ቆይ አይባልም።

ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱና ይህ ትዕዛዝ ከሄደ ካርቶን ቤቱም አብሮ እንደሚሄድ ለራቢአ በዝግታ ነገሯት። ኬክ ቤቶቹ ወደ ፕላስቲክ ዞረዋል፤ ጫማውም ዛሬ በፌስታል ነው የሚሸጠው። 

በማግስቱ ካርቶን አቅራቢው ኡበይድ ከሱሉልታ ሦስት ዓይነት ናሙና ይዞ መጣ። አንደኛው ከአሮጌ ወረቀት ተቦክቶ የተሠራ ግራጫ ነው። ሁለተኛው ነጭ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው መልኩን የሚያይበት ነው። ሦስተኛው ቡኒ፣ ሻካራ፣ ምንም ያልተቀባባ ነው። ኡበይድ እንደ ልማዱ የግራጫውን ጫፍ ቀዶ ለሐጂ ዘረጋላቸው፤ ሐጂም እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሁለቱም አንድ ላይ "አስተግፊሩላህ" አሉ።

ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ጣጣ ገጥሟቸው አያውቅም። በየዓመቱ የረመዳኑ ካርቶን ጾሙ ሳይገባ፣ በሻዕባን ወር ተልሶ፣ ተገዝቶ፣ ተከምሮ ያልቃል። ራቢአ በውሃ ጠብታ እንየው ብትል ሐጂ አልተቀበሏትም፤ ጫጩት የሚያርሰው ካርቶን በሙቅ ነው የሚርሰው፣ ምራቅም ሙቅ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ግን የቧንቧ ውሃ ነው አሏት። ጾም ከተፈታ፣ ከፉጡር በኋላ ቢባል ሳምቡሳ የነካው ምላስ ነው። ከሌሊቱ ምግብ፣ ከሱሁር በፊት ቢባል የፉጡሩ ቅባት ገና አልለቀቀም። ኡበይድ ደፍሮ ሼኩን እንጠይቅ ሲላቸው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሼክ ፊት ቆመው "ካርቶን ልልስ ወይ?" ብለው እንደማይጠይቁ ነገሩት። ጥያቄው በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ተስፋነሽ ዞሩ።

ተስፋነሽ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት፤ እዚያ ቤት ኮላ መቀባት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ረመዳን በገባ ቁጥር ጾመኛ ፊት አልበላም ብላ ምሳዋን ከመጋረጃ ጀርባ በሦስት ጉርሻ የምትጨርስ ሰው ናት። የተጠየቀችውን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። "ጋሼ፣ እናንተ ጾማችሁ እኔ ፊታችሁ ቆሜ ልልስ? ነውር ነው" አለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ እንድትመጣ፣ መጋረጃውም እንዲዘጋ፣ ራቢአ ከጀርባ ቁራጮቹን በተራ እንድታቀብላት ተወሰነ። ሐጂ ከመጋረጃው ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ።

ጠዋት ያ ነገር ሲካሄድ ያየ ሰው ፍርድ ቤት ነው የሚለው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው አንደኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ተስፋነሽ ለመመለስ ሞከረች፤ ግራጫው ምላሷን ይዞ ስላልለቀቃት ከአፏ የወጣው ቃል የየትኛውም አገር ቋንቋ አልነበረም። ራቢአ በሳቅ ልትፈነዳ ደርሳ ቁራጩን ጎትታ አላቀቀችላት። ሐጂ ከውጭ ሆነው "ገባኝ፣ እሱ ይቅር" አሉ።

ነጩ ግን ምንም አልያዛትም፤ እንዲያውም ተንሸራቶ ሊወድቅ ነበር። ቡኒው ትንሽ ይዞ ይለቃል። ተስፋነሽ የተሰማትን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ቡኒው የተፈለጠ እንጨት ይሸታል ብላም ጨመረች። ሐጂ ከመጋረጃው ማዶ ራቢአን ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ ሁለቴም "አቤት" ስትላቸው ምንም ሳይሉ ቀሩ። በመጨረሻ ውሃ የማይጠጣው ነጩ ስለሆነ በነጩ ይሠራ ብለው ፈረዱ።

ራቢአ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "አባ፣ ቡኒው ይሻላል" አለች። ምላስሽን አስነክተሽ ነው ወይ ሲሏት እጇን ብቻ እንዳሳለፈችበት ነገረቻቸው፤ ነጩ ይንሸራተታል፣ ጫጩት ደግሞ ጥፍር ያለው ፍጥረት ነው፣ የሚቆምበት ይፈልጋል አለች። ሐጂ ምላስ ተናግሮ እያለ እጅ አይጠየቅም አሉና ወደ ሶላታቸው ሄዱ። ኡበይድም ነጩን አወረደ።

ራቢአ እንደታዘዘችው ሠራች። የካርቶኑ የውስጥ መስመር ቆሞ እንዲውል ሉኩን አዙራ ቆረጠች፤ መስመሩ ከተኛ ስምንት ድርብ አይሸከምም። በጎኑ አየር ማስገቢያ በሳች፣ አጠፈች፣ ተስፋነሽ ለጠፈች። ግን ልቧ አላረፈም። ረመዳን ለጾመኛ የምሳ ሰዓትን በነፃ ይሰጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱ ሴቶች ኡበይድ ትቷቸው ከሄደው የቡኒ ናሙና ሉኮች አራት ካርቶን ሠሩ። ነጮቹን ሠላሳ ስድስት አድርገው ቡኒዎቹን ከሥር ደበቋቸው። ተስፋነሽ ሐጂ ቢያዩስ ብላ ፈርታ ነበር፤ ራቢአም ፈርታ ነበር፤ ተያይተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ጫጩቱ ወጣ። አራት ሺህ ቢጫ ነፍስ ተቆጥሮ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ወይዘሮ ጠጅቱ በነጮቹ ማማር ተደስታ ከአንዱ ጎን ቆማ ፎቶ ተነሳች። ራቢአ ሥራዋን ልታይ ከሷ ጋር ጋቢና ገባች። ከሰበታ ወጥተው አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ፒስታው ላይ መኪናው መንጠር ሲጀምር ጠጅቱ ጆሮዋን አቀናች። ጫጩት ሲደላው ያወራል፣ ሲከፋው ይጮኻል አለችና ሹፌሩን አስቆመችው።

ነጩን ሲከፍቱት መቶው ጫጩት በአንድ ማዕዘን ተቆልሎ ነበር። አንዱ ለመነሳት ይሞክርና እግሩ ግራና ቀኝ ተከፍቶ በቂጡ ይቀመጣል፤ ሌላው በሱ ላይ ይንሸራተታል፤ ወለሉ በራሳቸው እርጥበት ሳሙና የተቀባ መስሏል። ነጩ በእርግጥም ውሃ አልጠጣም፤ ሁሉንም ለጫጩቶቹ ትቶላቸዋል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቡኒው መጣ። በውስጡ መቶ ጫጩት ቆሞ ያወራል፤ ክዳኑ ሲከፈት አንገቱን አስግጎ ምን ፈለጋችሁ የሚል መሰለ።

ደግነቱ የሞተ አልነበረም። መንገድ ዳር ካለ ገበሬ ጭድ ገዝተው፣ ሹፌሩም ሳይቀር ተንበርክኮ፣ የሠላሳ ስድስቱን ካርቶን ወለል አለበሱ። ሲጨርሱ የጠጅቱ ነጠላ ጭድ፣ የራቢአ ሂጃብ ላባ ለብሷል። ያን ጊዜ ጠጅቱ ወገቧን ይዛ፣ ነጩን የመረጠው ማን ነው፣ ቡኒውንስ የመረጠው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ቡኒውን የመረጠው ሰው ከሆነ የሚመርጥላት በየሳምንቱ አርባ አርባ ታዛለች፤ ነጩን የመረጠው ከሆነ ግን ደህና ሁኑ።

ራቢአ አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር ቤቱ የሷ ነው። ግን ሠላሳ ዓመት የተከበረውን የአባቷን ስም ፒስታ ላይ፣ ሹፌር እየሰማ፣ ጫጩት እየተንጫጫ ልትጥለው አልሆነላትም።

"ነጩ የኔ ጥፋት ነው" አለች። "ቡኒው የአባቴ ምርጫ ነው።"

ጠጅቱ "ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለች፤ እዚያው ቆማ ለሐጂ ደወለች። ምርጫቸውን አመሰገነች፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ መቁረጡ ላይ ብቻ እንድትቆም፣ ካርቶኑን እሳቸው ብቻ እንዲመርጡ ለመነቻቸው። ራቢአ ወደ ሰበታ እስኪመለሱ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች አለቀሰች። ያለቀሰችውም በውሸቷ ተጸጽታ አይደለም፤ ውሸቷ እንዲህ ባንድ አፍታ መታመኑ ነው ያናደዳት።

ቤት ስትደርስ የፉጡር ሾርባ መሥራት ነበረባት። ጾመኛ ወጥ ሠሪ ጨው የሚጨምረው በግምት ነው፤ የራቢአ ግምት ደግሞ ያን ቀን ተጂ መንገድ ላይ ነበር። አንዴ ጨመረች፤ ቆይታ ደግማ ጨመረች፤ ሦስተኛ ስለመጨመሯ እርግጠኛ አይደለችም። አዛን ሲል ሙአዊያም ነበር፤ የጠጅቱን ስልክ ሰምቶ ስለነበር እየሳቀ ነው የተቀመጠው። አንድ ማንኪያ ሾርባ ጎረሰ። ሳቁ ቆመ። ማንኪያውን ጥሎ ውሃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጠ።

ራቢአም ቀመሰችው፤ ባሕር ነው። ልታነሳው እጇን ስትዘረጋ ሐጂን አየቻቸው። ሳህናቸውን ዘንበል አድርገው በዳቦ እየጠረጉት ነበር። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደግሞ በደንብ አጥፍጠሽዋል" አሏት፤ ጨምሪልኝ ብለውም ዘረጉላት።

እጇ እዚያው ቀረ። "አባ፣ አይታወቅዎትም?" አለች።

ሐጂ ሳህኑን አስቀመጡ። ወደ ጓዳው በር አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምላሴ ያ ከባድ ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ ደነዘዘ፤ ጣዕምም አይለይ፣ ይያዝ ይልቀቅም አያውቅ፤ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምበላው ሁሉ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑም ካርቶን ነው።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ምርጫ?"

"ያንቺ ነዋ። ምላሴ ላይ አስቀምጬ ፊትሽን አያለሁ። የማይሆን ሲሆን አፍንጫሽን ትሰበስቢያለሽ። ያን ዕለት መጋረጃው ጋረደሽ፣ ጨነቀኝ።"

ራቢአ ለመሳቅም ለመጮኽም ተነሳች፤ ቁጣው ቀደመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን እያነበቡ አንቺ ገና ነሽ ሲሏት ኖረዋል። ሁለት ዓመት ሙአዊያ የቻርጀር ቦታ ሲለካ ዝም ብለዋል። ይህን ሁሉ ሳትሸሽግ፣ ሳታለዝብ ነገረቻቸው፤ እንደዚያ አድርጋ አናግራቸው አታውቅም። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። ሰው ምላሱ ሞቷል ሲባል ቀጥሎ ራሱ ሞቷል ይባላል፣ ፈራሁ አሏት። ይህን ሲሉ ቁጣዋ ሳይበርድ አሳዘኗት። ሙአዊያ ከጓዳ ሲመለስ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ቴምር ይበሉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠጅቱ የቀጣዩን ሳምንት ልትነጋገር መጣች። ሙአዊያም ሜትር ይዞ ነበር። ኡበይድ ማታውኑ ተደውሎለት ከሱሉልታ ቡኒ ጭኖ ገብቶ ስለነበር ከላይኛው ሉክ ቁራጭ ቀዶ፣ ረመዳን መሆኑን እንደገና ረስቶ፣ ለሐጂ ዘረጋላቸው።

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣመሩ። ጠጅቱን አዩ፣ ልጃቸውን ሙአዊያን አዩ። "ነጩን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ቡኒው የሷ ነው። ካለፈው ሁለት ዓመት ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣው ደህና ካርቶን ሁሉ የሷ ነው። አቀብላት።"

ተስፋነሽ የኮላ ብሩሿን እንደያዘች ቆመች። የኡበይድ እጅ ቀስ ብሎ ከሐጂ ወደ ራቢአ ዞረ።

ራቢአ ቁራጩን ተቀበለች። ሁሉም ፊቷን እያዩ መሆኑን ስታውቅ ፊቷን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። መዳፏን በሻካራው ገጽ ላይ አሳለፈች። ጫፉን በሁለት ጣቷ አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው፤ በሁለተኛው ላይ መታጠፊያው ተሰነጠቀ። ቀለሙ ያው ቡኒ ነው፣ ሻካራነቱም ያው፤ ግን ደረቅ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ስምንት ድርብ ሲጫንበት ከጥጉ ይቀደዳል። አዲስ ትዕዛዝ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ይህን መናገር ከባድ ነበር። አባቷን አላየችም።

"ይሄ አይሆንም" አለች። "ይመለስ።"

ኡበይድ ለማረጋገጥ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ጣሪያውን ያያሉ። ጠጅቱ ሙአዊያን ሜትሩን ይዞ በሩ ላይ እንዳይቆም በክርኗ ገፋ አደረገችው፤ ኡበይድም ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ መኪናው መለሰ።